የሒሳብ ባለሙያው ዋስ ማነው?

ገበሬው ዓመት ሙሉ በፀሐይና በዝናብ ደክሞ ያገኘውን ምርት ለማኅበሩ ሲያስረክብ ዓይኑን ከሚዛኑ ላይ አያነሣም። ኩንታሉ ሲሰቀል፣ ኪሎው ሲነበብ፣ ቁጥሩ ሲጻፍ ቆሞ ያያል። ይሁን እንጂ ምርቱ ወደ ገንዘብ፣ ገንዘቡም ወደ መዝገብ ከተለወጠ በኋላ ያለውን ጉዞ የሚከታተለው በሌላ ሰው ዓይን ነው። ይህም ሰው የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ዓመቱ ሲያልቅም ሌላ ሰው መጥቶ የሒሳብ ሠራተኛውን መዝገብ ይመረምራል። እርሱም ሒሳብ መርማሪ፣ በተለምዶ አነጋገር ኦዲተር የሚባለው ነው።

እንግዲህ የማኅበራት መሪዎች ሊያነሡት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ሚዛኑ ትክክለኛ መሆኑን የሚፈትሽ አካል እንዳለ ሁሉ፣ ሒሳብ ሠራተኛውንና ኦዲተሩንስ የሚፈትሻቸው ማነው? «የሒሳብ ባለሙያ ነኝ» ብሎ ለሚቀርብ ሰው በእርግጥ ባለሙያ መሆኑን የሚመሰክርለት፣ ሲያጠፋም የሚጠይቀው ማነው?

ይህ ጥያቄ ለገጠሩ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። በዕቁብ ሕግ ዕጣው በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የደረሰው ሰው ገንዘቡን የሚቀበለው ዋስ ጠርቶ ነው። ዋስ የሚጠራው ሰውየው ሌባ ነው ተብሎ ስለተጠረጠረ ሳይሆን፣ የብዙ ሰው ገንዘብ በአንድ ሰው እጅ ሲገባ ከሰውየው ቃል የበለጠ ነገር ስለሚያስፈልግ ነው። ዓለም ለሒሳብ ሙያ ያበጀው መላም ከዚህ ልማድ የራቀ አይደለም። የሒሳብ ባለሙያው ዋስ የሙያ ማኅበሩና ፈቃድ የሰጠው አካል ናቸው።

የሙያ ማኅበር እንዴት ተጀመረ?

የሒሳብ ባለሙያዎች በማኅበር መደራጀት ከጀመሩባቸው ቀደምት አገሮች አንዷ ስኮትላንድ ናት። በኤድንበርግ ከተማ የሚገኙ የሒሳብ ሰዎች ያቋቋሙት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1854 ከንግሥት ቪክቶሪያ የንግሥና ቻርተር ተቀበለ። በማግስቱ ዓመት የግላስጎው፣ በ1867 ደግሞ የአበርዲን ባለሙያዎች ይህንኑ ፈለግ ተከተሉ። እስከ ዛሬ ድረስ «ቻርተርድ አካውንታንት» የሚለው ስያሜ የመጣው ከዚህ ቻርተር ነው። በዚያን ዘመን የእነዚህ ሰዎች ዋነኛ ሥራ የከሠሩ ነጋዴዎችን ንብረት ማጣራትና ለአበዳሪዎቻቸው ማከፋፈል ስለነበረ፣ ታማኝነታቸው በሕዝብ ዘንድ መታወቁ ለሙያው የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር።

ምርመራ ሲጠፋ ምን እንደሚደርስም በዚያችው አገር ታይቷል። የግላስጎው ከተማ ባንክ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1878 በሩን ዘጋ። ኃላፊዎቹ የባንኩን እውነተኛ ይዞታ በተዛባ ሒሳብ ሸፍነው ኖረዋል። መዝገቡን ከውጭ ገብቶ የሚመረምር ገለልተኛ ሰው አልነበረም። ባለ አክሲዮኖቹ ለባንኩ ዕዳ ያለ ገደብ ተጠያቂዎች ስለነበሩ ዕዳው በየቤታቸው ገባ። ከ1,819 ባለ አክሲዮኖች መካከል ዕዳውን ከፍለው ሳይከስሩ የቀሩት 254 ብቻ ነበሩ። ኃላፊዎቹ ለፍርድ ቀርበው ታሰሩ፤ ነገር ግን የኃላፊዎቹ መታሰር የሌላውን ሰው ቤት አልመለሰም። በ1879 የወጣው ሕግም ከዚያ በኋላ በተወሰነ ኃላፊነት የሚመዘገቡ ባንኮች ሒሳባቸውን በየዓመቱ እንዲያስመረምሩ ግዴታ ጣለባቸው።

ለገበሬ ማኅበራት ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ደግሞ የጀርመን ነው። በዚያ አገር በራይን ወንዝ አካባቢ የገጠር ከንቲባ የነበረው ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ራይፋይዘን፣ ገበሬው ከአራጣ አበዳሪ እጅ እንዲላቀቅ የብድር ማኅበራትን በየመንደሩ አቋቋመ። ማኅበራቱ እየበዙ ሲሄዱ ግን አንድ ችግር ተፈጠረ። አንዲት ትንሽ የመንደር ማኅበር ለብቻዋ የሠለጠነ ሒሳብ መርማሪ ለመቅጠር አቅም አልነበራትም። ስለዚህ ማኅበራቱ ተሰባስበው የጋራ የምርመራ ኅብረት አቋቋሙ። ኅብረቱ ሠልጣኝ መርማሪዎችን ቀጥሮ በየማኅበሩ ያሰማራል። እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣው የኅብረት ሥራ ሕግ ማንኛውም ማኅበር ቢያንስ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ እንዲመረመር አዘዘ። በ1934 ደግሞ እያንዳንዱ ማኅበር የምርመራ ኅብረት አባል እንዲሆን ተደነገገ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂላችን ገበሬዎች ባለሙያ በጋራ በመቅጠር ረገድም እውነት መሆኑን ይህ ያስረዳል።

በሩ ለማን ይከፈት?

የሙያ ማኅበር መቋቋም ብቻውን መልካም ነገር ነው ማለት ግን አይደለም። በመጀመሪያው ዘመን በእንግሊዝ አገር ወደ ሙያው ለመግባት የሚሻ ወጣት በአንድ ባለሙያ ሥር ለዓመታት በተለማማጅነት ማገልገል ነበረበት፤ ለዚሁም ቤተሰቡ ለአሠልጣኙ ገንዘብ ይከፍል ነበር። ስለዚህ በሩ ለሀብታም ልጆች የተከፈተ፣ ለድኻ ልጆች የተዘጋ ሆኖ ቆየ። ሴቶችም ከነጭራሹ አይገቡም ነበር።

ይህን በር ሰፋ ለማድረግ እ.ኤ.አ. በ1904 ስምንት ሰዎች ተሰባስበው የለንደን የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ። ይህ ማኅበር ዛሬ «ኤሲሲኤ» በሚለው አጭር ስሙ የሚታወቀውና በኢትዮጵያም ብዙ ተማሪዎች የሚፈተኑበት ድርጅት ነው። ማኅበሩ በ1909 ኤተል አየርስ ፐርዲ የተባለችውን ሴት በአባልነት ተቀበለ። ቀደምቱ የእንግሊዝና የዌልስ ማኅበር ግን የመጀመሪያዋን ሴት አባል ሜሪ ሃሪስ ስሚዝን የተቀበለው ሕግ ካስገደደው በኋላ በ1920 ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የሙያ ማኅበር በሩን የሚጠብቀው በዕውቀትና በጠባይ ሊሆን ይገባል እንጂ በዘርና በሀብት ወይም በጾታ ሊሆን አይገባም። የገበሬው ልጅ ተምሮና ተፈትኖ የራሱን ማኅበር መዝገብ የሚይዝበት ቀን የሚመጣው በሩ በፈተና ሲከፈት ብቻ ነው።

አባል ለመሆን ምን ያስፈልጋል?

በየአገሩ ዝርዝሩ ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው። የመጀመሪያው ፈተና ነው። የኤሲሲኤን የሙያ ማዕረግ ለማግኘት ለብዙ ዓመታት በተሠራበት ደንብ እስከ 13 የሚደርሱ ፈተናዎችን ማለፍ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የሥራ ልምድ ነው። ፈተናውን ያለፈ ሰው ሦስት ዓመት በሥራ ላይ ተለማምዶ ይህንኑ የሚያረጋግጥለት የበላይ ሊኖረው ይገባል። ሦስተኛው ሥነ ምግባር ነው። አራተኛው ደግሞ አባል ከሆኑ በኋላም መማርን አለማቋረጥ ነው። የዚሁ ማኅበር አባል በየዓመቱ 40 የትምህርት ሰዓት መሙላት ይጠበቅበታል። የግብር ሕግና የሒሳብ ደንብ በየጊዜው ስለሚለወጥ፣ ከሃያ ዓመት በፊት የተገኘ ዕውቀት ብቻውን ለዛሬ ሥራ አይበቃም።

ጎረቤታችን ኬንያ ሥራውን በሁለት እጅ ከፍላዋለች። ፈተናውን የሚያወጣውና የሚያርመው እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው «ካስኔብ» የተባለ የፈተና ቦርድ ነው። አባላትን የሚመዘግበውና ሥነ ምግባራቸውን የሚቆጣጠረው ደግሞ በ1978 የተቋቋመው የሕዝብ ሒሳብ ባለሙያዎች ኢንስቲትዩት ነው። ፈታኙና መዝጋቢው የተለያዩ በመሆናቸው አንዱ የሌላውን ሥራ ያያል።

የየአገሩን የሙያ ማኅበራት የሚያሰባስበው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1977 በጀርመኗ ከተማ በሙኒክ ተመሥርቷል። በሙያው ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር ደንብ ውስጥ የተቀመጡት መሠረታዊ መርሆዎች አምስት ሲሆኑ፣ እነርሱም ሐቀኝነት፣ ገለልተኝነት፣ የሙያ ብቃትና ጥንቃቄ፣ ምሥጢር ጠባቂነት እንዲሁም የሙያ ጨዋነት ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ለገጠር ማኅበራት ይበልጥ የሚያስፈልገው ገለልተኝነት ነው። በገጠር ሰው ሁሉ በዝምድና፣ በክርስትና ልጅነትና በጉርብትና የተሳሰረ ነው። የገንዘብ ያዡ አማች የገንዘብ ያዡን መዝገብ ይመርምር ቢባል፣ ሰውየው ምንም ያህል ሐቀኛ ቢሆን የአባላቱ ልብ አያርፍም።

ዋሱ ራሱ ሲታማስ?

ዋስ የተባለውም አካል ቢሆን ተቆጣጣሪ ያስፈልገዋል። በአሜሪካ ኤንሮን የተባለው ትልቅ የኃይል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወድቅ፣ ሒሳቡን ይመረምር የነበረው አርተር አንደርሰን የተባለ በዓለም የታወቀ ድርጅት ነበር። በማግስቱ ዓመት ድርጅቱ ሰነድ በማጥፋት ምክንያት ፍትሕን አሰናክሏል ተብሎ ተፈረደበት። ፍርዱ በ2005 በአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቢሻርም፣ ድርጅቱ እምነት አጥቶ ፈቃዱን ከመለሰ ቆይቶ ነበርና ሊያንሠራራ አልቻለም። የአሜሪካ መንግሥትም ባለሙያዎች ራሳቸውን በራሳቸው መቆጣጠራቸው ብቻ አይበቃም በማለት የታላላቅ ኩባንያ መርማሪዎችን የሚቆጣጠር ቦርድ በ2002 በሕግ አቋቋመ።

በአገራችን ያለው ሁኔታ

በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የአክሲዮን ማኅበራት ኦዲተር እንዲሾሙ ያዝዝ ነበር። ስለ ንግድ ማኅበራት የሚናገረው ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ተተክቷል። የሒሳብ ባለሙያዎችና የኦዲተሮች የሙያ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1973 ተመሥርቷል። ለረዥም ጊዜ ግን በግል ለሚሠሩ የሒሳብ ባለሙያዎችና ኦዲተሮች የብቃት ምስክር ወረቀት ይሰጥ የነበረው የዋናው ኦዲተር መሥሪያ ቤት ነበር።

ይህ አሠራር የተለወጠው የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ሲወጣ ነው። አዋጁን ተከትሎ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 332/2007 የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተቋቋመ። ቦርዱ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ ኦዲተሮችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን ይመዘግባል፣ ፈቃድ ይሰጣል፣ ሥራቸውን ይመረምራል፣ ጥፋት ሲገኝም ፈቃድ እስከ መሰረዝ ይደርሳል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራትን በተመለከተ ደግሞ በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 የማንኛውም ማኅበር ሒሳብ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በሥልጣን ባለው አካል ወይም ይህ አካል በሚመድበው ሰው እንዲመረመር ደንግጓል። ይህ አዋጅ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ቢተካም የምርመራው ግዴታ አልቀረም። ምርመራው የሚደረገው የሚቆጣጠር ሰው ደስ እንዲለው ሳይሆን፣ አባሉ የትርፍ ድርሻውን ሲቀበል ትክክለኛውን መቀበሉን እንዲያውቅ ነው። ማኅበሩ ከባንክ ብድር ሲጠይቅም አበዳሪው አስቀድሞ የሚጠይቀው የተመረመረ ሒሳብ ነው።

አራቱ ወረቀቶች

የማኅበራት መሪዎች ሠራተኛ ሲቀጥሩ ወይም መርማሪ ሲቀበሉ የሚቀርቡላቸው ወረቀቶች ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ ሊገነዘቡ ይገባል።

አንደኛው የትምህርት ማስረጃ ነው። ከቴክኒክና ሙያ ተቋም ወይም ከዩኒቨርሲቲ የሚገኝ ሲሆን፣ ባለቤቱ ትምህርቱን መከታተሉን ይመሰክራል። የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከመመረቃቸው በፊት አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ ተደርጓል።

ሁለተኛው የብቃት ምዘና ማረጋገጫ ነው። ይህ በቴክኒክና ሙያ የሠለጠነ ሰው ሥራውን በተግባር መሥራት መቻሉን፣ ካሠለጠነው ተቋም ውጭ ባለ መዛኝ መፈተኑን ያሳያል።

ሦስተኛው የሙያ ማኅበር አባልነት ነው። ባለቤቱ የማኅበሩን መመዘኛ አሟልቶ በሥነ ምግባር ደንቡ ለመገዛት መስማማቱን ያስረዳል። አባልነቱ በየዓመቱ የሚታደስ በመሆኑ የአምናው ካርድ ለዘንድሮ አይመሰክርም። ከማኅበራቱም መካከል ፈትነው የሚቀበሉ አሉ፤ መዋጮ ብቻ ተቀብለው የሚመዘግቡም ይገኛሉ። ስለዚህ «አባል ነኝ» ለሚል ሰው «ምን ተፈትነህ ገባህ?» የሚለው ጥያቄ ነውር የለበትም።

አራተኛው ፈቃድ ነው። ይህ ሰውየው ለሕዝብ ኦዲት መሥራት እንዲችል በሕግ ሥልጣን የተሰጠው አካል የሚሰጠው ነው። ዲግሪ ያለው ሁሉ ፈቃድ ያለው ኦዲተር አይደለም። አንድ መሪ ዲግሪ አይቶ ኦዲተር አገኘሁ ቢል፣ የመንጃ ፈቃድ ለሌለው ሰው መኪና ስለሚያውቅ ብቻ የማኅበሩን የጭነት መኪና እንደ መስጠት ይቆጠራል።

የሠለጠነ ዓይን ምን ያያል?

የሥልጠናን ጥቅም በቀላል ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። አንድ ማኅበር ለአባላቱ የሚሸጥ 500 ኩንታል ማዳበሪያ ተረከበ እንበል። በደረሰኝ የተሸጠው 460 ኩንታል ነው። የደረሰኙ ገንዘብ ሲደመር ባንክ ከገባው ጋር ሳንቲም ሳይጎድል ይስማማል። ያልሠለጠነ ሰው እዚህ ላይ መዝገቡን ዘግቶ «ሒሳቡ ትክክል ነው» ይላል። የሠለጠነ መርማሪ ግን ወደ መጋዘን ሄዶ ያስቆጥራል። መጋዘኑ ውስጥ የተገኘው 30 ኩንታል ቢሆን፣ 460 እና 30 ሲደመር 490 ነውና 10 ኩንታል የገባበት አይታወቅም ማለት ነው። ያለ ደረሰኝ የወጣ ዕቃ በገንዘብ መዝገቡ ላይ አይታይም፤ የሚታየው የዕቃውና የገንዘቡ መዝገብ ጎን ለጎን ሲቀርቡ ነው።

እንዲሁም መርማሪው ደረሰኞቹ በተከታታይ ቁጥር መኖራቸውን ያያል። ከጥራዙ መካከል አንድ ቅጠል ቢጎድል ወይም ያልተሠራበት ጥራዝ በመጋዘን መዝገብ ላይ ሳይገኝ ቢቀር ምክንያቱን ይጠይቃል። ገንዘብ የሚቀበለው፣ መዝገብ የሚጽፈውና የመጋዘን ቁልፍ የያዘው አንድ ሰው ሆኖ ቢያገኘው ጉድለት ባይኖርም እንኳ በሪፖርቱ ላይ ያሰፍረዋል። ይህ ሁሉ ሰውን በጥርጣሬ ማየት አይደለም። ሐቀኛ ሠራተኛ ነፃነቱ የሚረጋገጥለት በዚሁ ነው። ያልተመረመረ መዝገብ የያዘ ሰው ንጹሕ ሆኖ ሳለ እንኳ በወሬ ይታማል።

መሪዎች ምን ያድርጉ?

አንደኛ፣ ሒሳብ ሠራተኛ ሲቀጠር ማስረጃው ከሰጠው ተቋም መረጋገጥ አለበት። የወረቀት ማኅተም ብቻ ማየት አይበቃም። የምዘና ውጤቱም አብሮ ይጠየቅ።

ሁለተኛ፣ የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት የሒሳብ ሊቅ ባይሆኑም የዕቃ ቆጠራንና የደረሰኝ ቁጥርን ማመሳከር ይችላሉ። ከላይ የተጠቀሰው የ10 ኩንታል ጉድለት መደመርና መቀነስ በሚችል ማንም ሰው ሊገኝ የሚችል ነው። ኮሚቴው ይህን በየወሩ ቢያደርግ ኦዲተሩ እስኪመጣ ጉድለት አይከማችም።

ሦስተኛ፣ መርማሪ ሲመጣ ማን እንደ መደበው፣ ከማኅበሩ ሠራተኞችና ከሥራ አመራሩ ጋር ዝምድና ወይም የጥቅም ግንኙነት እንዳለው በግልጽ መጠየቅ ይገባል። ከግል ድርጅት የተቀጠረ ከሆነ ፈቃዱ የዘመኑ መሆኑ ይታይ። ዓመቱን ሙሉ መዝገቡን የጻፈው ሰው ተመልሶ መርማሪ መሆን የለበትም።

አራተኛ፣ ትንንሽ ማኅበራት በአቅም ማነስ ምክንያት ያለ ባለሙያ መኖር የለባቸውም። በዩኒየን የታቀፉ ማኅበራት ወጪውን ተጋርተው አንድ በሚገባ የተፈተነ ባለሙያ በጋራ ቢይዙ፣ የጀርመን ገበሬዎች ከመቶ ዓመት በፊት ያደረጉትን ማድረግ ይችላሉ።

አምስተኛ፣ የምርመራው ውጤት በጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር ለጠቅላላ ጉባዔው አባሉ በሚገባው ቋንቋ ይነበብ። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ፣ ምን ጎደለ፣ ማን ይጠየቃል የሚሉት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ስብሰባው አይበተን።

በመጨረሻም የማኅበሩን ሒሳብ ሠራተኛ ማሠልጠን እንደ ወጪ ሊቆጠር አይገባውም። ዛሬ በደረጃ የተመዘነው የመንደሩ ወጣት ነገ ዲግሪውን፣ ከዚያም የሙያ ፈተናውን እንዲያልፍ ማኅበሩ ቢያግዘው፣ ባለሙያ ከከተማ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ጊዜ ያጥራል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። የሒሳብ ባለሙያ የሚለውም ስም ጥምጣም ነው። ከጥምጣሙ በፊት ትምህርቱ፣ ፈተናው፣ ልምዱና ዋሱ መኖራቸውን መጠየቅ የመሪው ግዴታ ነው። የተሸከመው አደራ የገበሬው የዓመት ላብ ነውና።